መልስ፦ የጣሊያን የወንጀል ልብ ወለድ ለምን እይታ ይቀያይራል?

ወንድሜ፣ «ከአንዱ ሰው ዓይን ወደ ሌላው እየዘለሉ ግራ አጋቡኝ» ላልከው፣ የጣሊያናዊውን ደራሲ የሊዮናርዶ ሻሻን ልብ ወለድ «የጉጉት ቀን» (ጉጉት የተባለችው ወፏ ናት፤ እ.ኤ.አ. 1961) አንብብ። አጭር ነው። የጣሊያን ደሴት በሆነችው ሲሲሊ ውስጥ፣ ገና ሲነጋ፣ አውቶቡስ ሊሳፈር የሮጠ ሰው በጥይት ይወድቃል። ተሳፋሪው ሁሉ ሹልክ እያለ ይጠፋል። እዚያው አጠገብ የነበረው የተጠበሰ የሽምብራ ቂጣ ሻጭ እንኳ በኋላ ሲጠየቅ፣ መተኮሱንም ያልሰማ ሰው ሆኖ መልሶ ይጠይቃል። ይቺን ቦታ በጣም ነው የምወዳት!

ከዚያ ከሰሜን ጣሊያኗ ከተማ ከፓርማ የመጣው መርማሪ፣ ካፒቴን ቤሎዲ፣ ጉዳዩን ይይዛል። መሃል መሃል ላይ ግን ስማቸው ያልተነገረ ትልልቅ ሰዎች ስለ እሱ ሲያወሩ እንሰማለን። እሱ አይሰማም። እኛን አንባቢዎቹን የሚይዘን ፍርሃት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ስም የሌለው ንግግር ሲያጋጥምህ ማን እንደሆነ ለማወቅ አትጨነቅ፤ ዝም ብለህ አዳምጥ።