ትናንት አንደኛ የወጣው ዛሬ ለምን ወደ ኋላ ይቀራል?

ሰላም ወንድሜ። «ዳካር ራሊን ለመከታተል ሞከርኩ። ትናንት አንደኛ የነበረው ሞተረኛ ዛሬ አስራ ምናምነኛ ሆኖ ሳገኘው ግራ ገባኝ። እናንተ እንዴት ነው የምትከታተሉት? ማንንስ ልከተል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ባሕር ዳር የሞተር ሳይክል መካኒክ ነኝ። ዳካር ሁለት ሳምንት ያህል በበረሃ የሚነዳበት ውድድር ነው። ሳዑዲ ከገባበት ከ2020 ጀምሮ አንድም ዓመት አላመለጠኝም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ።

ቀላሉን ላስቀድም። ሳዑዲና እኛ ሰዓታችን አንድ ነው። ውድድሩ ገና ሰሞን ይጀምርና ጥምቀት ሳይደርስ ያልቃል። ሞተሮቹ በማለዳ ነው የሚነሱት። እኔ ጋራዥ ስከፍት እነሱ አሸዋው ውስጥ ናቸው።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ እነዚህ ሰዎች እኩል አይነሱም። በደቂቃዎች ልዩነት አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ትናንት ያሸነፈው ዛሬ ቀድሞ ይወጣል። መታደል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ፊቱ ላይ አንድም የጎማ ዱካ የለም። መንገዱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ከኋላ ያሉት የእሱን ዱካ እያዩ ይከንፋሉ። ሲሳሳት ደግሞ ስህተቱን አይተው ያርማሉ። ከ2023 ወዲህ መንገድ ለሚከፍቱት በኪሎ ሜትር እየታሰበ ጊዜ ይቀነስላቸዋል። ችግሩ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ስልክ ላይ አይደለም። ራሴ ሞክሬው ነው። ሞተረኛው እንደኛ በስልክ ካርታ አይሄድም። ሮድ ቡክ የሚሉት ነገር አለ። ድሮ የሚጠቀለል ወረቀት ነበር፣ አሁን ታብሌት ሆኗል። «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ስትሄድ በዚህ አቅጣጫ ታጠፍ» ይላል። ሦስት ቃለ አጋኖ ካለበት ከባድ አደጋ አለ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ሮድ ቡክ ሠራልኝ። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ ግራና ቀኝ ባሉት የማላውቃቸው የገጠር መንገዶች ነበር። ካርቶን ቆርጦ «4.2፣ ዋርካ፣ ወደ ግራ» እያለ በእስክሪብቶ ጻፈበት። መሪው ላይ በፕላስተር ለጠፈው። በሰዓት 40 እንኳ አልነዳሁም። ቆጣሪውን አያለሁ፣ ካርቶኑን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ጋ ዓይኔ ካርቶኑ ላይ ትንሽ ቆየ። ቀና ስል እህል የጫኑ አህዮች ፊቴ ድቅን አሉ። ፍሬን ይዤ እንደ ምንም አለፍኳቸው። መታጠፊያው ግን ከኋላዬ ቀርቷል፣ እኔም አላወቅሁም። ብዙ ከሄድኩ በኋላ አንድ እናት አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ወንዙ ላይ ነው የሚያበቃው» አሉኝ። የዳካር ልጆች ይህንኑ በሰዓት ከ100 በላይ እየነዱ፣ ሰው በሌለበት በረሃ፣ ለሰዓታት ነው የሚያደርጉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰው 20 ደቂቃ ጠፋ ሲባል አልፈርድበትም።

ስለዚህ የዕለቱን ደረጃ ብቻ አትይ። እኔ ማታ ደብተሬ ላይ ሁለት ነገር እጽፋለሁ፦ ነገ መንገድ የሚከፍተው ማን ነው? በጠቅላላ ሰዓትስ በስንት ይለያያሉ? የሚያሸልመው የሁሉም ቀን ድምር ነው። በ2023 የመጨረሻው ቀን ሲነጋ አውስትራሊያዊው ቶቢ ፕራይስ በ12 ሰከንድ ይመራ ነበር። ሁለት ሳምንት ከነዱ በኋላ 12 ሰከንድ! አርጀንቲናዊው ኬቪን ቤናቪዴስ በ43 ሰከንድ በልጦት ዋንጫውን ወሰደ። ያን ቀን አንድ ደንበኛ ሞተሩን ሊወስድ መጥቶ ቆሞ አብሮኝ አየ።

ሌላም አለ። የወደቀ ሰው ካለ የሚያገኘው ተፎካካሪ ይቆማል። ለእርዳታ የቆመበት ጊዜ ይመለስለታል። በ2016 ፖርቹጋላዊው ፓውሎ ጎንሳልቬስ፣ ኦስትሪያዊው ማቲያስ ዋልክነር እግሩ ተሰብሮ ወድቆ ሲያገኘው ቆመለት። ጎንሳልቬስ ራሱ በ2020 ሳዑዲ ላይ ወድቆ ሞተ። አጠገቡ ደርሶ የቆመው ቶቢ ፕራይስ ነበር። ውጤት ስታይ «ሰዓቱ ተስተካክሏል» ካሉህ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አለበት። ስለዚህ ማታ ድረስ ውጤቱን የመጨረሻ ነው ብለህ አትያዘው።

ሞተሮቹ ከ450 ሲሲ አይበልጡም። ጎማቸው ውስጥ አየርና ካላማዳሪ የለም፣ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ነው የሚገባበት። እሾህ ቢወጋው አይተነፍስም። እዚያ በረሃ መሃል ጎሚስታ ከየት ይመጣል?

ማንን ልከተል ላልከው፣ እኔ የቦትስዋናውን ሮስ ብራንችን እልሃለሁ። የእኛው አህጉር ልጅ ነው፣ «የካላሃሪ ፌራሪ» ይሉታል። በ2024 ሂሮ በተባለው የህንድ ሞተር ከአሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። የሁለቱንም ስም ደብተርህ ላይ አስፍር። መጀመሪያው ቀን ማታ ጻፍልኝ፣ በማግስቱ ማን መንገድ እንደሚከፍት አብረን እናያለን።