መርከቡ አይጠብቅም፦ ካሪቢያን ላይ በራስ ወርዶ መዞር

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከማያሚ ተነስቶ የሜክሲኮዋን ደሴት ኮዙሜልን፣ ግራንድ ኬይማንንና ጃማይካን አዙሮ ስለሚመለሰው የ7 ቀን የክሩዝ ጉዞ ናቸው። መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት በነፍስ ወከፍ ስለሚታሰብ ለቤተሰብ ሲባዛ ኪስ ይጎዳል። በራስ መውረድ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም የተሻለ ቀን ይወጣዋል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ዕቅዱን ከመመለሻው ሰዓት ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠር። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈናል።

ጥያቄ፦ መርከቡ ኮዙሜል ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይቆማል። 9 ሰዓት ሙሉ ካለን የቱሉምን (የጥንቱን የማያ ሕዝብ ከተማ) ፍርስራሽ አይተን መመለስ አንችልም? ሁለት ልጆች ይዘን አራት ነን። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

በወረቀት 9 ሰዓት የሚመስለው በእጃችሁ ሲገባ 7 ሰዓት እንኳ አይሞላም። መርከቡ 2 ሰዓት ላይ ቢደርስም እስኪታሰርና የወደቡ ባለሥልጣናት እስኪፈቅዱ፣ ከዚያም አሳንሰሩ ጋ ያለው ሰልፍ እስኪያልቅ 2:45 ይሆናል። 11 ሰዓት ደግሞ መርከቡ የሚነሳበት ነው። መንገደኛ ሁሉ ገብቶ ማለቅ ያለበት ብዙውን ጊዜ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ 10:30 ላይ ነው። እኛ የምንመክረው ከዚህም አንድ ሰዓት ቀንሳችሁ 9:30 ላይ ፒየሩ (መርከቡ የሚታሰርበት መድረክ) ጋ እንድትገኙ ነው። ከ2:45 እስከ 9:30 ስትቆጥሩ 6 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

አሁን ቱሉምን በዚህ ውስጥ አስገቡት። ቱሉም ያለው ደሴቱ ላይ ሳይሆን ባሕሩን ተሻግሮ ዋናው መሬት ላይ ነው። ሳን ሚጌል ከተማ ወዳለው የጀልባ ጣቢያ መድረስ፣ ትኬት መቁረጥና ተራ መጠበቅ አንድ ሰዓት ገደማ ይበላል። እስከ ፕላያ ዴል ካርመን በጀልባ 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል። መሄጃው ብቻ ወደ 3 ሰዓት ተጠጋ፤ መመለሻውም ያው ነው። ልጆቻችሁ በቀትር ፀሐይ ፍርስራሹን የሚያዩት ከአንድ ሰዓት ብዙም ላልበለጠ ጊዜ ነው ማለት ነው። ይህም ሁሉ ነገር ሲሳካ ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባሉት ወራት ከሰሜን የሚመጣው ኃይለኛ ነፋስ፣ እዚያ «ኖርቴ» የሚሉት፣ ሲነሳ ወደቡ ለጀልባዎች ሊዘጋ ይችላል። ያኔ እናንተ ማዶ፣ መርከባችሁ ኮዙሜል ትሆናላችሁ። ቱሉም የግድ ከሆነ ለዚያ ቀን ብቻ የመርከቡን ጉብኝት ግዙ፤ በእነሱ ጉብኝት ላይ ሆናችሁ ብትዘገዩ ችግሩ የእነሱ ነው።

የማያ ሕዝብ ፍርስራሽ ለማየት ግን ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ሳን ጌርቫሲዮ እዚያው ደሴቱ መሃል ላይ ነው። ኢሽቼል የምትባለውን የማያ እንስት አምላክ ለመሳለም ሴቶች ከሩቅ በጀልባ የሚመጡበት ስፍራ ነበር። ታክሲውን እንዲጠብቃችሁ ተነጋግራችሁ ሂዱ፤ ጫካ ውስጥ ስለሆነ ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ መኪና አታገኙም። የትንኝ መከላከያ መቀባት አትርሱ። በጠዋት ገብታችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ብትወጡ ቀሪው ቀን ለባሕር ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። ስለ «መርከብ ሰዓት» ለምን ይህን ያህል ይወራል? እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ አብራን ትጓዛለች። (ከአትላንታ)

ችግሩ ስልኩ ራሱ ማስተካከሉ ነው። አሜሪካ ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ትገፋለች። ኮዙሜል ያለበት የኪንታና ሮ ግዛት፣ ኬይማንና ጃማይካ ግን አይገፉም። ብዙ መርከቦች የማያሚን ሰዓት ይዘው ይቀጥላሉ። ስልክዎ የደሴቱን ኔትወርክ እንዳገኘ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። መግቢያው በመርከቡ ሰዓት 10:30 ላይ የሚዘጋ ከሆነ ያኔ ስልክዎ የሚያሳየው 9:30 ነው። ገና አንድ ሰዓት አለኝ ብለው ሲቀመጡ ደረጃው እየተነሳ ነው ማለት ነው።

ከመውረድዎ በፊት የስልኩን የቀንና ሰዓት ማስተካከያ ከፍተው «አውቶማቲክ» የሚለውን ያጥፉ፤ ከዚያ መርከቡ ውስጥ ካለ ሰዓት ጋር ያመሳክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ርካሽ የእጅ ሰዓት ነው። ማታ ማታ ክፍልዎ የሚመጣው የነገው ፕሮግራም ወረቀት ሰዓት ይቀየር እንደሆነ ይናገራል፤ እሱን ሳያነቡ አይተኙ።

የእናትዎ ነገር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጆች «ፎር ሰርቲ ነው የምንመለሰው» ሲሉ እናት አራት ተኩል ብለው ከያዙት፣ በእሳቸው አቆጣጠር ወይ ረፋድ ነው ወይ ሌሊት። በትንሽ ካርቶን ላይ በአማርኛ «ቀን 10 ሰዓት ተኩል»፣ ከሥሩ ደግሞ በቁጥር 4:30፣ የመርከቡን ስምና የፒየሩን ስም ጽፈው ቦርሳቸው ውስጥ ያስቀምጡላቸው። ከእናንተ ቢለያዩ ለማንኛውም ታክሲ ነጂ ያሳዩታል።

ጥያቄ፦ እናቴ የመጣችው በጎብኚ ቪዛ ነው፤ እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፤ ልጆቼ ዜጎች ናቸው። ምን ምን እንያዝ? (የአትላንታዋ ጠያቂ)

ቲኬት ሳይቆርጡ የእናትዎን ቪዛ ገልጠው «ኤንትሪስ» የሚለውን ይመልከቱ። «ኤም» ካለ ደጋግመው መግባት ይችላሉ። «1» ካለ ግን አሜሪካ ሲገቡ ተጠቅመውበታል፤ በመርከብ ከማያሚ መውጣትም ከአገር መውጣት ነው፤ ስለዚህ የስደት ጉዳይ ጠበቃ ሳያማክሩ እንዳይከፍሉ። ሜክሲኮ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ሌላ ቪዛ አትጠይቅም። የሌሎቹ ደሴቶች ሕግ ግን ይለያያል። ለክሩዝ ኩባንያው «የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው» ብለው የሚቆሙባቸውን ደሴቶች አንድ በአንድ ዘርዝረው ይጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ያግኙ። ወረቀት ያልተሟላለትን ሰው ማያሚ ላይ ሳያሳፍሩት ይቀራሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም።

እርስዎ ጊዜው ያላለፈበት የግሪን ካርዱን ዋና ቅጂና የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎን ይያዙ። ዜጎች የሆኑት ልጆች ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ መርከብ በልደት ሰርተፊኬት መሳፈር ይችላሉ። ነገር ግን አንዱ ታሞ ወይም መርከቡ አምልጧችሁ ከሜክሲኮ በአውሮፕላን መመለስ ቢኖርባችሁ ያ ወረቀት አያሳፍርም። ስለዚህ ለልጆቹም ፓስፖርት አውጡላቸው።

ጥያቄ፦ ኮዙሜል ላይ ታክሲ እንዴት ነው? ስኩተር ተከራይተን ደሴቱን ብንዞርስ? ስኖርክል (በማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃ ላይ ተንሳፎ ወደ ታች ማየት) የምናደርግበት ቦታም ንገሩን። (ከዳላስ፣ አራት ጓደኛሞች)

በመጀመሪያ መርከባችሁ የት እንደሚቆም እወቁ። ፑንታ ላንጎስታ ከሆነ ከተማው ውስጥ ናችሁ፤ በእግር ይኬዳል። ኢንተርናሽናል ፒየር ወይም ፑዌርታ ማያ ከሆነ ከከተማው ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃችኋል።

ታክሲዎቹ ቆጣሪ የላቸውም። መውጫው ላይ የየቦታው ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ፤ ፎቶ አንሱት። ከመግባታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በመኪና ነው በሰው? መሄጃ ብቻ ነው ደርሶ መልስ? ዶላር ነው ፔሶ? የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሜክሲኮ ፔሶም የሚጻፈው በዶላር ምልክት ነው። ምግብ ቤት ውስጥም እንዲሁ። በካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ በዶላር ወይስ በፔሶ ብሎ ከጠየቃችሁ ፔሶን ምረጡ፤ ዶላርን ስትመርጡ ምንዛሪውን የሚወስነው ማሽኑ ነው፣ ሁልጊዜም ይጎዳችኋል። ባለ 1 እና ባለ 5 ዶላር ኖቶች ያዙ፣ ያልተቀደዱ። የሚጠብቃችሁን ነጂ ሒሳብ ስትመለሱ ክፈሉ።

ስኩተሩን ተዉት። አደጋ ሲደርስ የሚከፈለው ከኪስ ነው፤ የክሬዲት ካርድ የኪራይ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ሞተርን አይጨምርም። አራት ከሆናችሁ መኪና ተከራዩ። የአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ሜክሲኮ ውስጥ አይሠራም፤ የሦስተኛ ወገን ዋስትና ደግሞ በሕግ ግዴታ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ ይህን አይጨምርም፤ «ከነሦስተኛ ወገኑ ጠቅላላው ስንት?» በሉ። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት መኪናውን ዙሪያውን፣ ጎማውንና የነዳጅ ጠቋሚውን በቪዲዮ ቅረጹ።

የምሥራቁ ዳርቻ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ለዋና ግን አይሆንም። ክፍት ባሕር ነው፣ ማዕበሉና ወደ ውስጥ የሚጎትተው ውሃ አደገኛ ነው። ለየት የሚለው ቼን ሪዮ ነው፤ የድንጋይ አጥር ማዕበሉን ስለሚሰብረው ልጅ እንኳ ይዋኝበታል። ባንዲራውን ግን ሳታዩ አትግቡ፤ አረንጓዴ ደህና፣ ቢጫ ጥንቃቄ፣ ቀይ አደጋ፣ ጥቁር ክልክል። በዚያ በኩል የመብራት መስመር ስለሌለ ትናንሾቹ ምግብ ቤቶች በጥሬ ገንዘብ ነው የሚሠሩት።

ስኖርክሉ በምዕራብ በኩል ነው፤ ፓላንካር የሚባለው ታዋቂው ኮራልም (ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሠሩት አለት) እዚያው ነው፣ በጀልባ ይደረሳል። የውሃው ጅረት በአብዛኛው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይነዳል። ከዳር የምትገቡ ከሆነ መውጫችሁን ቀድማችሁ ምረጡ፣ ከደቡብ ጫፍ ገብታችሁ ውሃው ይውሰዳችሁ። ወደ ገባችሁበት በጅረቱ ላይ መመለስ ጉልበት የሚጨርስ ነገር ነው።

ማስኩን ስትከራዩ እዚያው ሞክሩት፤ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ አስጠግታችሁ በአፍንጫ ሳቡ። ሳይወድቅ ከያዘ ልካችሁ ነው። ውሃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ጎማው ሥር የገባ ፀጉር ነው። ሹሩባ የተሠራችሁ ከግንባራችሁ ላይ ወደ ኋላ ጠርጉት፤ ጢም ያላችሁ አፍንጫ ሥር ቀጭን ቫዝሊን ቀቡ። መስተዋቱ እንዳይደበዝዝ አንድ ጠብታ የሕፃን ሻምፑ በጣት አሽታችሁ በውሃ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል። የባሕር ፓርኩ ውስጥ የፀሐይ ክሬም ተቀብቶ መግባት ስለማይፈለግ እጅጌ ረጅም የዋና ቲሸርት ልበሱ፤ ጀርባ የሚቃጠለው ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ ሲቆይ ነው።

ጥያቄ፦ ግራንድ ኬይማን ላይ ስቲንግሬይ የሚባለውን ጠፍጣፋ አሳ የሚነኩበት ጉብኝት በራሳችን ቀጥረናል፤ መርከቡ 1 ሰዓት ይደርሳል፣ ቀጠሯችን 2 ሰዓት ነው። ይበቃል? (ከቶሮንቶ)

አይበቃም። ጆርጅታውን ላይ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት ፒየር የለም። መርከቡ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ይጥልና ሰው በትናንሽ ጀልባ፣ በቴንደር፣ ይመላለሳል። በቅድሚያ የሚወጡት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው። የቀረው ሰው ቁጥር ወስዶ ይጠብቃል፤ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት የተለመደ ነው። ቀጠሯችሁን ወደ 3 ሰዓት ተኩል ግፉት፤ ቁጥሩን ከቁርስ በፊት ውሰዱ።

ባሕሩ ሲናወጥ ማውረጃው በደሴቱ ደቡብ ወዳለው ስፖትስ ይዛወራል፤ አንዳንዴም መርከቡ ጭራሽ ሳይቆም ያልፋል። ስለዚህ አስጎብኚው ለሁለቱ ሁኔታዎች ምን እንደሚያደርግ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። «መርከቡ ካልቆመ ሙሉውን እንመልሳለን» የማይል አስጎብኚ ላይ ቅድሚያ ክፍያ አታድርጉ። ስትመለሱ ደግሞ የመጨረሻው ቴንደር የሚነሳበትን ሰዓት ነው የምትይዙት፤ ከመርከቡ መነሻ በጣም ይቀድማል።

ስቲንግሬዮቹ ያሉበት አሸዋማ ቦታ ውሃው ወገብ አካባቢ ነው። እግራችሁን እያነሳችሁ አትራመዱ፤ አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ። አሳው አሸዋ ውስጥ ስለሚቀበር የሚወጋው ሲረገጥ ነው። ደሴቱ ላይ መኪና በግራ ስለሚሄድ ከልጆች ጋር መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። የኬይማን ዶላር ከአሜሪካው ይበልጣል፤ ሱቅ ውስጥ 1 የአሜሪካ ዶላር አብዛኛውን ጊዜ በ0.80 ነው የሚያዘው።

ጥያቄ፦ አባቴ በጃማይካ ኪንግስተን ያለውን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ይፈልጋል። ይቻላል? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መርከቡ ፋልማውዝ ወደብ የሚቆም ከሆነ ሩቅ ነውና አይሞክሩት። ኦቾ ሪዮስ ከሆነ በክፍያ አውራ ጎዳናው አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ነው፤ መመለሻውም ያንኑ ያህል። ቢያንስ 8 ሰዓት የሚቆም መርከብ፣ ቀድሞ የተነጋገሩት ፈቃድ ያለው ነጂ፣ በሩ ክፍት መሆኑም በስልክ የተረጋገጠ ከሆነ ይደረሳል። እኛ ግን ለአንድ ሽማግሌ ሰው በጥድፊያ መሳለምን አንመርጥም። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ሰው አግኝተው እንዲመለሱ በሌላ ጊዜ በአውሮፕላን ይውሰዷቸው። ፈቃድ ያላቸው የጃማይካ ታክሲዎች ቀይ ታርጋ አላቸው።

ጥያቄ፦ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይዘን መግባት እንችላለን?

በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ደረቅ ምግብ አብዛኞቹ መርከቦች ይፈቅዳሉ። ቤት የተቆላ በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ ሊወሰድባችሁ ይችላል፤ ከሐበሻ ሱቅ የታሸገውን ግዙ። ከመርከቡ ቡፌ ፍራፍሬ ወይም ሳንድዊች ይዛችሁ ደሴት ላይ አትውረዱ፤ የእርሻ ቁጥጥር ሕግ ይከለክላል፣ በር ላይ ይፈትሻሉ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ መርከቡ ቢያመልጠንስ? (ከዳላስ)

ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊት የፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ያለውን የወደብ ወኪሉን ስምና ስልክ ፎቶ አንሱ። እንደምትዘገዩ ባወቃችሁበት ደቂቃ፣ ገና ታክሲ ውስጥ ሳላችሁ፣ ደውሉለት። መርከቡ መዘግየታችሁን ካወቀ ሠራተኞቹ ብዙ ጊዜ ክፍላችሁ ካለው ካዝና ፓስፖርታችሁን አውጥተው ለወኪሉ ይተዉላችኋል፤ ስለዚህ ፓስፖርቱ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ካዝናው ውስጥ ይሁን። ለባሕር ዳርቻ ቀን የመርከቡን ካርድ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያና የፓስፖርቱን ፎቶ መያዝ ይበቃል። በጀልባ ወደ ዋናው መሬት የምትሻገሩ ከሆነ ግን ዋናውን ፓስፖርት ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

ቀጣዩ ደሴት ድረስ ያለው የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ የእናንተ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የማይነካ አንድ ክሬዲት ካርድ፣ በቀን ከምትጠቀሙበት ቦርሳ ተለይቶ፣ ልብሳችሁ ውስጥ ይቀመጥ።