ልጁን ስታዩ እናቱን ጠይቁ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ሦስት የሰፈሬ ወጣቶች ቤቴ መጡ። ለፋሲካ ስታዲየም አካባቢ ለሚያድሩ ልጆች ምሳ ሊያበሉ አስበዋል፤ ገንዘቡንም አዋጥተዋል። «እርስዎ በዚህ ሥራ ብዙ ስለቆዩ ይምከሩን» አሉኝ። ቡና እየጠጣን አወራን። ከሄዱ በኋላ ግን ዋናውን ነገር ሳልነግራቸው እንደቀረሁ ታወቀኝ። ለእነሱም ለእናንተም ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

ሠላሳ ዓመት ገደማ በማኅበራዊ ሠራተኝነት ኖሬያለሁ። አብዛኛው ዕድሜዬ ያለቀው መርካቶ አውቶቡስ ተራ፣ ለገሃርና ፒያሳ ነው። ልጆቹ «ማዘር» ይሉኛል። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ስሙ ግን አልቀረም።

ጎዳና ላይ የምታዩት ልጅ ሁሉ አንድ አይደለም። ሆቴል በር ላይ ቡሌ (የሆቴል ትራፊ ምግብ) ጠብቆ በልቶ፣ ማስቲሽ ስቦ፣ በረንዳ ላይ የሚያድር አለ። ላስቲክ ወጥራ ከነልጆቿ የምታድር እናት አለች። ቀኑን ሙሉ ጫማ ሲጠርግ ወይም ማስቲካ ሲሸጥ ውሎ ማታ እናቱ ጋ የሚገባም አለ። ይህን የመጨረሻውን ማንም አያየውም። «ቤት አለውኮ» እንላለን። ያ ቤት የሁለት ወር ኪራይ ያለበት አንድ ክፍል ነው። ልጁ ዛሬ የሚሸጠው ማስቲካ ካልተሸጠ እነሱም ላስቲክ ፍለጋ ይወጣሉ። እኔ ብዙ ጊዜ የደረስኩት ከወጡ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻቸው ግን ቀድመው ያውቁ ነበር።

አንድ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ከሶዶ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር የመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። «አስተምርሃለሁ» ብሎ ያመጣው ዘመድ ነው፤ ከዚያ ዘመድ ቤት ጠፍቶ አውቶቡስ ተራ ወደቀ። አጠብነው፣ አለበስነው፣ አዲስ ጃኬት ገዛንለት። አገሩ ድረስ ወሰድነው። እናቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኛም አለቀስን። ፎቶ ተነሳን። ደስ ብሎን ተመለስን።

በሦስተኛው ሳምንት እዚያው አውቶቡስ ተራ አገኘሁት። ጃኬቱ የለም። ተናድጄ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። «ምን አጎደሉብህ?» አልኩት። «ማዘር፣ ማንም ምንም አላለኝም። ግን እናቴ ለእኔ የምትሰጠኝን ከታናናሾቼ ነው የምትቀንሰው» አለኝ። ልጁን ስንት ጥያቄ ጠይቄው ነበር። እናቱን ግን አንድም አልጠየቅኳትም። ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚበላ፣ የማን ዕዳ እንዳለባት፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አላወቅኩም ነበር። በሁለተኛው ጉዞ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ጋ ነው። ሁለት በግ ተገዛላት፤ የጎረቤቶቿ ማኅበር እንዲያቅፋት ተነጋገርን። ልጁ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ እናቱ ጋ ቀረ።

ከተማ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ ባሏ የሞተባት፣ ጉሊት የምትሸጥ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። ዕድሩ ባሏን በክብር ቀበረላት። ድንኳኑ ተተከለ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ ገንዘቡም ተሰጣት። ሁለት ወር ሳይሞላ አከራይዋ «ልቀቂ» አላት። በወሩ ስብሰባ አንድ ሽማግሌ ተነሱና «ሰው ሲሞትብን ድንኳን እንተክላለን። ሰው ከቤቱ ሲወጣብንስ ምን እናደርጋለን?» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ክርክር ሆነ፤ «መተዳደሪያ ደንባችን አይፈቅድም» ያሉም ነበሩ። በመጨረሻ ከወርሃዊው መዋጮ ላይ አምስት አምስት ብር ለመጨመር ተስማሙ፤ ያኔ አምስት ብር ገንዘብ ነበር። የሦስት ወር ኪራይ ተከፈለላት። ከአባላቱ አንዷ ባልትና ነበራት፤ በርበሬ የመቀንጠስ ሥራ ሰጠቻት። ሰው ቤት ልትቀጠር የነበረችው ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ቀጠለች።

እነዚያ ሰዎች ባለሙያ አልነበሩም። ኤችአይቪ ብዙ ወላጆችን በወሰደበት ዘመንም ወላጅ ያጡ ልጆችን ያቀፉ ዕድሮች ነበሩ። ገንዘብ ሰብስቦ፣ ሰው ቆጥሮ፣ ማን እንደጠፋ የሚያውቅ እንደ ዕድር ያለ ነገር የለንም። ብዙዎቻችሁ ዕድር የሽማግሌ ነገር ይመስላችኋል። ግቡበት። በስብሰባው ቀን እጃችሁን አውጥታችሁ የሽማግሌውን ጥያቄ ጠይቁ።

ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን አስታውሱ። ከግሸን ማርያም ጉዞ በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ ድርጅት አልነበራቸውም፤ በጀትም አልነበራቸውም። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ቤተሰብ አልደገፋቸውም፤ ከቤታቸው ወጡ። ብዙ ሰው እሳቸውን የሚያስታውሰው ባቋቋሙት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። እኔ የማደንቀው ግን ኋላ ላይ ያደረጉትን ነው። ልጆች ከእናታቸው ጋር እንዲያድጉ ብለው ለችግረኛ እናቶች ሙያና ብድር የሚያደርስ ሥራ ጨመሩ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ በሚጠሩበት የፍቅር ስም «እዳዬ» እያለ ያለቀሰው ሕዝብ ምን ያህል እንደነበር አይታችኋል።

አሁን ወደ ወረቀት ልምጣ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከምሳው በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ላስቲክ ውስጥ የምትኖር እናት የቤት ቁጥር የላትም። የቤት ቁጥር ከሌላት መታወቂያ ለማውጣት ትቸገራለች። መታወቂያ ከሌላት የጤና መድኑም፣ ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የከተማ ሴፍቲኔትም (የመንግሥት የድሆች ድጋፍ) ይርቃታል። ለሴፍቲኔት የሚመለመለው በየሰፈሩ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው የማያውቃት ሴት ስም ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ለልጇም የልደት ምስክር ወረቀት ስትጠየቅ ትደነግጣለች። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ግን ደብተር ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይመግባሉ። ለአንድ እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ይህች እናት ወረዳ ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» ትባላለች። ነገ ከሄደች የቀን ሥራዋ ይቀርባታል። እናንተ ታነባላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ፎርም መሙላት አይከብዳችሁም። አብራችኋት ተሰለፉ። ሕፃኑን ያዙላት።

ሳንቲም አትስጡ አልልም፤ እኔም እሰጣለሁ። ግን ስሙን ጠይቁት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስታገኙት በስሙ ጥሩት። ፊቱን እባካችሁ ፎቶ አታንሱ። እኔ ያነሳሁት ፎቶ ዛሬም ያሳፍረኛል። ያ ልጅ አሁን የልጆች አባት ነው።

ምሳውን አብሉ፤ ደስ ይላል። ከዚያ በሚቀጥለው ማክሰኞ ምንም ሳትይዙ እንደገና ሂዱ። ልጆቹ በመጀመሪያ ቀን የሚነግሯችሁ ሁሉም የሚነግሩትን ነው። እውነቱ በአራተኛው፣ በአምስተኛው ቀን ይመጣል።

ሰኔ እየመጣ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ማታ ቤቱ የሚገባው ልጅ የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ይወጣል። ለደብተር ብሎ ነው የሚወጣው። አንዳንዱ መስከረም ላይ አይመለስም። እናቱን አሁን ፈልጓት፤ ስንት ወር ኪራይ እንዳለባት ጠይቋት፤ ለዕድራችሁም ንገሩ። ወረዳ መሄድ የከበደው ካለ እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ አብሬው እሄዳለሁ። ቢሮው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይከፈታል፤ ቀደም ብሎ መሰለፍ ይሻላል።