አማቴ እኔኑ መልሰው ለባለቤቴ አጩኝ፤ በመሳቄ ቤቴ ታመሰ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የግል የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ። የባለቤቴ እናት የመርሳት ሕመም አለባቸው። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ቤታቸው በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ በኋላ እኛ ዘንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆይተው ነበር፤ ምድጃ ለኩሰው መርሳትና ሌሊት በር ከፍተው መውጣት ሲያበዙ ግን እኔ ወደምሠራበት ማዕከል አስገባናቸው። እዚያ በጋዋን ሲያዩኝ አያውቁኝም፤ «ሲስተር» ነው የሚሉኝ። በቀደም ገላቸውን አጥቤ ፀጉራቸውን ስሠራላቸው እጄን ያዝ አደረጉና፣ «እንዳንቺ ያለች ምራት አጥቼ ነው ልጄ ከስቶ የቀረው፤ ያቺ ያገባት እኮ ሽንኩርቱን ሳታበስል ውሃ ትከልስበታለች። እሱ እንኳ ጨዋ ልጅ ነው፤ ካላገባሽ ላነጋግርልሽ» አሉኝ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በትንሣኤ ማግስት ዘመድ ቡና ላይ ተሰብስቦ ሳለ ይህንኑ ሳወራ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ባለቤቴ ግን ተነሥቶ ወጣ። ማታ «እናቴን የሰው መሳቂያ አደረግሻት» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር አያነጋግረኝም። እህቱም «ሥራሽ ልብሽን አደንድኖታል» ትለኛለች። እኔ ግን ሳቅ ባይኖር ያንን ሥራ የምችለው አይመስለኝም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው? ለአማቴስ ምራታቸው መሆኔን ልንገራቸው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ መሳቅዎ ጥፋት አይደለም። ደብዳቤዎን ሳነብ እኔም ስቄአለሁ፤ ይህን ደብቄ ምክር ልስጥዎ ብል ታማኝነት ይጎድለዋል። ጥፋት የምንለው ነገር ካለ፣ ታሪኩ ለማን አስቀድሞ እንደተነገረ ላይ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ። በመጀመሪያ ግን አማትዎ ምን እያደረጉ እንደነበረ ብናይ ይሻላል፤ ባለቤትዎም እህቱም የተረዱት በተሳሳተ መንገድ ይመስለኛልና።

የመርሳት ሕመም ዋነኛ መንስኤ የሆነው አልዛይመር ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያጠቃው፣ አዲስ ነገርን በማስታወሻ የሚያስቀምጠውን የአንጎል ክፍል ነው፤ ስለዚህ የትናንቱ ሲጠፋ የሃያና የሠላሳ ዓመቱ ይቆያል። አማትዎ ልጅ እንዳላቸው፣ ልጃቸው ሚስት እንዳገባ፣ የዚያች ሚስት ቁሌትም እንደማያስደስታቸው ያውቃሉ። የጠፋባቸው፣ ያቺ ሴትና ፊታቸው የቆመችው ሲስተር አንድ መሆናቸው ነው። ሰውን የምንለየው በመልኩ ብቻ ሳይሆን በቦታውና በልብሱም ጭምር በመሆኑ፣ ጋዋኑና የማዕከሉ ክፍል ግራ መጋባቱን ያባብሱታል፤ ዕድሜያቸውን የኖሩበት ሰፈር መጥፋቱም ሕመሙን ባያመጣውም፣ እስከዚያ ድረስ ደግፎ ያቆማቸውን የለመዱትን ደጅና ጎረቤት ወስዶባቸዋል። እንግዲህ ሽሙጡ ከቀድሞው ዘመን የተረፈ ሲሆን፣ ምርቃቱ ግን የዛሬ ነው፤ ማን እንደሆኑ ሳያውቁ፣ ዝምድና ሳያስገድዳቸው፣ በእጅዎ አያያዝ ብቻ ፈርደው ለልጃቸው መርጠውዎታል። ከአማት እንዲህ ያለ ፍርድ ያገኘች ምራት ስንት ትሆን?

በእርስዎ ሙያ የሚሠሩ ሰዎችን ሳነጋግር እንዲህ ያሉ ታሪኮችን ደጋግሜ እሰማለሁ። ቀድሞ የአንበሳ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ የነበሩ አንድ አባት፣ ዊልቸራቸውን መተላለፊያው መካከል አቁመው ያለ ቲኬት ማንንም አላሳልፍም ይላሉ፤ ነርሶቹም ከመድኃኒት ካርቶን የተቀደደ ቁራጭ እየተቀበሉ ያልፋሉ፤ እርሳቸውም ከኋላ «ወደ ውስጥ ጠጋ በሉ፣ መሐሉ ባዶ ነው!» ይላሉ። በደርግ ዘመን ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት ደግሞ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጭንቅ ይይዛቸዋል፤ የሌሊት ተረኛዋን ሲያዩ «ሰዓት እላፊ ደርሷል፣ ወዴት ልትሄጂ ነው? እዚሁ እደሪ» ብለው ብርድ ልብሳቸውን ይገልጡላታል፤ እርሷም «እሺ እማማ፣ በሩን ልዝጋና እመጣለሁ» ስትላቸው ይረጋጋሉ። ይህ ሁሉ ያስቃል። ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ በሁለቱም ታሪኮች የጨዋታው ባለቤት አረጋዊው ነው፤ ሠራተኛዋ የምትገባው እርሳቸው በከፈቱት በር ነው።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ቶም ኪትዉድ እ.ኤ.አ. በ1997 የመርሳት ሕመም ያለበትን ሰው ሰው የመሆን ክብሩን የሚገፉ 17 የአያያዝ ዓይነቶችን ሲዘረዝር፣ መሳለቅን ከእነዚህ መካከል አስቀምጦታል፤ እንደ ሕፃን መቁጠርንም ጨምሮበታል። ሆኖም ያው ምሁር ይህን ክብር ከሚያጸኑት የአያያዝ መንገዶች መካከል ጨዋታንና አብሮ መደሰትን ቆጥሯል። ስለዚህ ጥያቄው ተሳቀ ወይስ አልተሳቀም የሚል ሊሆን አይችልም። እኔ የምጠቀምበት መለያ ቀላል ነው፤ ያንን ታሪክ ባለታሪኩ አጠገብዎ ተቀምጠው፣ እየሰሙ፣ ሊነግሩት ይችላሉን? የቲኬቱን ታሪክ እኒያ አባት ፊት ቢያወሩት ደስ ይላቸው ይሆናል። ስለ ተበላሸ ዳይፐር፣ ስለ መውደቅ፣ ልብስን በሰው ፊት ስለ ማውለቅ ግን ማንም ፊቱ ተቀምጦ ሊሰማ አይሻም፤ የአማትዎ ታሪክ ከመጀመሪያው ዓይነት ነው እላለሁ።

ሳቁ ለአረጋውያኑም ቢሆን ከንቱ አይደለም። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ በሚገኙ 35 የአረጋውያን መኖሪያዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ በሠለጠኑ ሰዎች የሚመራ ቀልድና ጨዋታ የነዋሪዎቹን መቆጣትና መቅበጥበጥ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ድባቴን ግን አልቀነሰም፤ ሳቅን መድኃኒት ለማድረግ የሚቸኩሉ ሰዎች ይህችኛዋን ግማሽ ይረሷታል። በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች የሚያስቅና የሚያሳዝን ፊልም ካዩ በኋላ ፊልሙን ቢረሱትም፣ ያሳደረባቸው ስሜት ግን አብሯቸው እንደሚቆይ አግኝተዋል። አማትዎ ያንን ጠዋት ፀጉራቸውን ማን እንደሠራላቸው ረስተውት ይሆናል፤ ደስታው ግን ከቃሉ በላይ ቆይቷል ብዬ ለመገመት አያስቸግረኝም።

የባለቤትዎ እህት ሥራው ልብዎን አደንድኖታል ስትል የምትፈርደው ሳቁን ከውጭ ሰምታ ነው። በአገራችን ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ለቅሶ ቤት በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ሰው ካርታ እየተጫወተ የሟቹን ጨዋታ እያነሣ ሲስቅ፣ ሟቹን ናቀው የሚል የለም። በእንክብካቤ ሥራ ላይ የምፈራው፣ የሚስቁትን ሳይሆን አረጋዊውን በአልጋ ቁጥሩ የሚጠሩትን ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ራስዎን ይመርምሩ፤ ከነዋሪዎቹ መካከል የሚያስቸግሩዎት ሰዎች ብቻ የሚያስቁዎት ከሆነ፣ ወይም ሳቁ ካለቀ በኋላ ወደ ክፍላቸው መመለስ የሚከብድዎት ከሆነ፣ ያ ሳቅ የድካም ምልክት ነውና ከኃላፊዎ ጋር ስለ ተራዎ ይነጋገሩ። ከደብዳቤዎ ግን ይህ አይታየኝም። የታየኝ ሌላ ነው፤ የሽንኩርቷ ነገር ትንሽ ወግታዎታለች። ለዓመታት በፊትዎ ያልተነገረ ቅሬታ በአንድ ጠዋት ከነምስጋናው ሲወጣ፣ ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር ቢኖር መሳቅ ነው፤ ለዘመድም ቶሎ ያወሩት፣ ቁስሉን በራስዎ አንደበት ቀድመው ለማቅለል ይመስለኛል። ይህን ለባለቤትዎ ነግረውት ያውቃሉ?

ወደ እርሱ እንምጣ፤ የዚህ ቤት ችግር ያለው እዚህ ላይ ነውና። ዘመድ የሰማው ቀልድ ነው፤ እርሱ የሰማው ግን እናቱ ማንን እንዳገባ መርሳታቸውን ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚረሳው ማን እንደሆነ ለማስላት ብዙ አያስቸግርም። አሜሪካዊቷ ምሁር ፖውሊን ቦስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በቬትናም ጦርነት ደብዛቸው የጠፋ ወታደሮችን ቤተሰቦች ካጠኑ በኋላ፣ ሰውየው ሳይሞት የሚደርስ፣ ለቅሶ የማይቀመጡለት ኀዘን እንዳለ አስረድተዋል፤ በኋላም ይህንኑ አካሉ ፊታችን ተቀምጦ ልቡ ለራቀ ሕሙም ቤተሰብ አውለውታል። ባለቤትዎ ያለበት ይህ ነው። እርስዎ በየቀኑ ትንሽ ትንሹን እያዩ ለምደዋል፤ እርሱ በእሑድ እየመጣ የሚያገኘው የሳምንቱን ተጠራቅሞ ነው።

በዚህ ላይ የቦታው ነገር አለ። በከተማችን የአረጋውያን ማዕከል ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው፣ እንደ መቄዶንያ ያለው ጧሪ ያጡትን ከጎዳና የሚያነሣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ወንድ ልጅ እያላቸው እናቱን «አስገባ» መባል ገና ስም ያጎድፋል። ውሳኔያችሁ ትክክል ነበር፤ ምድጃ የሚለኩስና ሌሊት የሚወጣ ሰው ሁለታችሁም ሥራ በምትውሉበት ቤት ብቻውን አይተውም። ነገር ግን ያን ዕለት ቡና ላይ ከተቀመጡት ዘመዶች መካከል «ልጅ እያላት» ያለ ሰው እንዳለ ባለቤትዎ ሳያውቅ አይቀርም። በእነዚያው ሰዎች ፊት እናቱ ሲሳቅባቸው፣ እንደ ፍርድ ሰምቶታል።

ስለዚህ ይቅርታ ይጠይቁት፤ ይቅርታው ግን ስለ ሳቁ አይሁን። ስለ ሳቁ ይቅርታ ከጠየቁ፣ ከዚያ በኋላ ከሥራ የሚያመጡለት ዝምታ ብቻ ይሆናል። «ይህን አስቀድመህ ብቻህን ልትሰማው ይገባህ ነበር፤ ከዘመድ ጋር እኩል እንድትሰማው ማድረጌ ልክ አልነበረም» ይበሉት፤ ከዚያም ታሪኩን እንደገና፣ ሳይቸኩሉ ይንገሩት። ለሳቅ ሲባል ሽንኩርቷ ጎልታ «እሱ እንኳ ጨዋ ልጅ ነው» የምትለው ቃል ተውጣ ቀርታ እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ እናቱ ስሙን ሳይጠሩ ስለ እርሱ የመሰከሩት ያ ነው። ወደፊትም አማትዎ የሚሉትን ሁሉ መጀመሪያ ለእርሱ ይንገሩ፤ የትኛው ለዘመድ እንደሚወራ ደግሞ እርሱ ይምረጥ። የሌሎቹን ነዋሪዎች ታሪክ በተመለከተ ግን ምርጫው የእርስዎም የእርሱም አይደለም፤ የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ የሙያ ግዴታዎ ስለሆነ፣ ማንነታቸው በሚታወቅ መልኩ ቤት አያምጡት፤ በስልክ መቅረጽና ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ ፈጽሞ አይታሰብ።

ምራታቸው መሆንዎን ይንገሯቸው ወይ ለሚለው፣ እርሳቸው ካልጠየቁ አስፈላጊ ሆኖ አይታየኝም። «እኔ እኮ ምራትዎ ነኝ» ቢሏቸው በደቂቃዎች ውስጥ ሊረሱት ይችላሉ፤ ስለ ምራታቸው የተናገሩትን ምራታቸው መስማቷን ባወቁባት ቅጽበት የሚሰማቸው እፍረት ግን፣ ከላይ እንዳልሁት፣ ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ሊቆይ ይችላል። በግልጽ «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ከጠየቁ እውነቱን በእርጋታ ይንገሯቸው፤ የሌላ ሰው ታሪክ ፈጥረው አይመልሱ። ሊያጩዎት ሲነሡ ደግሞ «ልጅዎ እንዴት ያለ ሰው ነው? እስቲ ያጫውቱኝ» ይበሏቸው፤ ማረምም መዋሸትም ሳያስፈልግዎ ጨዋታው በእርሳቸው እጅ ይቆያል። ስለ ቁሌቱም ቢጠይቋቸው አይክፋዎት፤ እጅ የለመደው ሥራ ከስምና ከቀን ይልቅ ዘግይቶ ስለሚረሳ፣ በትክክል ሊያስተምሩዎት ይችላሉ።

ባለቤትዎ ሲመጣ «እናቴ፣ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ እንዳይፈትናቸው አደራ ይበሉት፤ ስሙን ተናግሮ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ ስለ ድሮው ሰፈር ቢያነሣላቸው ይበቃል። እህቱንም በክርክር ከሚረቷት አብራው እንድትመጣ ይጋብዟት፤ ከስልክ ወሬ ወጥታ ጥቂት ሰዓት ብትቆይ ብዙ ነገር ይገባታል። ቀጠሮው ግን ጠዋት ይሁን፤ ብዙዎቹ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ ምሽት ሲል ስለሚጨነቁ፣ ከሥራ መልስ የምትመጣ ልጅ የምታገኘው የእናቷን ክፉ ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎ የባለቤትዎ ዝምታ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ቅሬታው ከቀልዱ አልፎ ወደ ማዕከሉ ውሳኔ የሚሄድ ሊሆን ይችላልና፣ ማን እንደወሰነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና እህቱ ምን ድርሻ እንዳላት ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ፤ ካልተቻለም ሁለታችሁ አንድ ላይ ወደ ባለሙያ ኑ።