የምሰሶውን እግር በኮንክሪት አትቅበሪው

አንዲት አንባቢ ከቤጂንግ ጽፋልኛለች። ከጓደኛዋ ጋር አሮጌ የግቢ ቤት ተከራይተው ካፌ ከፍተዋል። በሰሜኑ ግድግዳ ውስጥ የገባ፣ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ምሰሶ ግርጌው ላልቷል፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። የስኒ ማጠቢያውም እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። የጠሩት ሠራተኛ «ግርጌውን በኮንክሪት ሸፍነን ቀለም እንቀባዋለን፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አላቸው። ይሁን ወይ ትላለች።

እህቴ፣ ኮንክሪቱን አታስፈሺ። እኛ አገር ጎጆ ሲሠራ ቋሚው ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይተከላል፤ እኔም አናጢነትን የተማርኩት እንደዚያ ነው። ለጥገና ሥራ መጀመሪያ ሰሜን ቻይና ወዳለው የሻንሺ ክፍለ ሀገር ስሄድ ያስገረመኝ የምሰሶው እግር ነበር። አፈር አይነካም። ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እንዳይነቃነቅ የሚይዘው የጣሪያው ክብደት ብቻ ነው። እዚያው ሻንሺ በዉታይ ተራራ ያለው የፎጓንግ ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ857 ተሠርቶ ዛሬም አለ። የቻይና የሕንፃ ታሪክ አጥኚዎቹ ሊያንግ ሲቼንግና ሊን ሁዪዪን እ.ኤ.አ. በ1937 ሄደው ሲያጠኑት ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ወደ 4 ሜትር ገደማ ወጥቶ ዝናቡን ያርቃል፣ እግሩ ድንጋይ ላይ ነው። እንጨትን የሚያኖረው ይህ ነው፦ ቢረጥብም መልሶ የሚደርቅበት መንገድ ማግኘቱ። ኮንክሪት ይህን መንገድ ይዘጋዋል። ከመሬት በጡቡ እየተሳበ የሚወጣው እርጥበት ታፍኖ ይቀራል፣ ብስባሴውም ከኮንክሪቱ በላይ ወዳለው ደህና እንጨት ይሄዳል።

ኮንክሪት በራሱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ዉሃን ያለው የቢጫዋ ሽመላ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1985 እንደገና ሲሠራ በኮንክሪት ነው የቆመው። እዚያ ግን ሸክሙን የሚሸከመው ኮንክሪቱ ራሱ ነው፤ ያንቺ ቤት በእንጨቱ ነው የሚኖረው። ቻይናዎች «ግድግዳ ይፈርሳል፣ ቤት አይወድቅም» ይላሉ። ጣሪያውን የያዘው ምሰሶው ነው፤ ስለዚህ ምሰሶውን ለማየት ጡቡን መክፈት ያስፈራል ብለሽ አትተዪው።

መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት ጠይቂ፤ ቤቱ በቅርስነት ከተመዘገበ ያለ ፈቃድ መዶሻ እንዳይነካው። ከዚያ ቀለሙን አትመኚ። የሰሜን ቻይና ባለሙያዎች ምሰሶን ቀይ ከመቀባታቸው በፊት ቃጫ በመሰለ ጭረት ጠቅልለው፣ በጡብ ዱቄትና ከቱንግ ዛፍ ፍሬ በሚወጣ ዘይት በተቦካ ምርጊት ይመርጉታል። ይህ ልብስ ጠንካራ ነው፣ ውስጡ አልቆም ቅርጹን ይይዛል። አንድ ጊዜ ቀለሙ ምንም ያልሆነ ምሰሶ ላይ መሮዬን ስጭን እስከ እጀታው ገባ፤ ይዞት የወጣው እርጥብ የቡና አተላ የመሰለ ብስባሽ ነበር። ስለዚህ በመዶሻ እጀታ ከታች ወደ ላይ እያንኳኳሽ ሂጂ፤ ድምፁ ባዶ በሆነበት ሁሉ በቀጭን ካቻቢቴ ውጊው። ጠንካራው የሚጀምርበትን ቁመት በጠመኔ አስምሪበት።

ጉዳቱ ከላይ ብቻ ከሆነ የበሰበሰውን ጠርቦ በደረቅ እንጨት መሙላት ይበቃል። ልቡ ድረስ ከዘለቀና ከምሰሶው ቁመት ሲሶ ካላለፈ እግሩ ተቆርጦ በአዲስ ይቀጠላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ምሰሶው መቀየር አለበት።

የአሮጌ ቤት ጥገና የሚያውቅ አናጢ ፈልጊ፤ ይህን ሥራ ራስሽ አትሞክሪው። ሲሠራ ግን ቁመሽ እዪ። የቤጂንግ ጣሪያ ከሸክላው ስር ወፍራም ጭቃ ስላለው ከባድ ነው። ወራጁ ከምሰሶው ግራና ቀኝ በድጋፍ ይያዝ፣ ከድጋፎቹም ስር ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። ክሪኩ ሸክሙን ከምሰሶው እስኪያላቅቅ ድረስ ብቻ ይነሳ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ ከላይ ያለው የወንዴና ሴቴ ማያያዣ ይላቀቃል።

መጋጠሚያው በግማሽ በግማሽ ተፈልጦ፣ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተደራርበው ይግጠሙ። ባለሙያዎች መደራረቡን ከምሰሶው ውፍረት አንድ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ያደርጉታል፤ እኔ ግን እንዳንቺ ባለ ቀጭን ምሰሶ ላይ ከ40 ሳንቲሜትር በታች አልወርድም። አዲሱ እንጨት ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነትና በደንብ የደረቀ ይሁን። እርጥብ ከሆነ ሲደርቅ ይሰበሰብና መጋጠሚያው ይከፈታል። ሁለት የብረት ቀለበቶች ከላይና ከታች ይታሰሩበት፣ ከእንጨቱ ገጽ እኩል እንዲሆኑ ቦታቸው ይቦርቦር።

ግድግዳው ሲዘጋ በሲሚንቶ ሳይሆን በኖራ ይሁን፤ ጡቡም ከምሰሶው ጋር አይጣበቅ፣ ክፍተት ይተውለት። ቤጂንግ ውስጥ በተከለከለው ከተማ ግድግዳዎች ግርጌ፣ ምሰሶ ባለበት ትይዩ፣ ቀዳዳ ያለው የተቀረጸ ጡብ ታያለሽ። ለጌጥ ይመስላል፣ ሥራው ግን ውስጥ ላለው ምሰሶ አየር ማስገባት ነው። ወደ ውጪ ወጥተሽ የግድግዳሽን ግርጌ ፈትሺ፤ ምናልባት ያንቺም ቤት ነበረው፣ አንድ ተከራይ ለስኖ ደፍኖት ይሆናል። ከተገኘ አስከፍቺው፣ ከሌለ አንድ አስገቢ። ማጠቢያውን ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወደ ሌላ ግድግዳ አዛውሪው።