ጤና ጣቢያ ለመግባት ለምታመነቱ አዲስ ነርሶች

ልጆቼ፣ «ሆስፒታል ካልገባሁ ሙያው ይጠፋብኛል» ስትሉ እሰማለሁ። ስጋታችሁ ይገባኛል። የቀዶ ሕክምናና የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ በአብዛኛው ጤና ጣቢያ አይገኝም። ራስን ችሎ መርምሮ መወሰንን ግን እንደ ጤና ጣቢያ የሚያስተምር ቦታ አላየሁም።

ከአምስት ዓመት በታች ክፍል ስትመደቡ፣ እናት የሚያስል ልጇን አቅፋ ስትገባ ሐኪም መጥቶ እስኪያይላችሁ አትጠብቁም። ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን ትቆጥራላችሁ። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል። ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉድ እንደሆነም እዩ። 6 ወር ከሞላው የክንዱንም ዙሪያ ለኩ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ካለቀሰ እናቱ ጡት ታጥባውና ትንፋሹን እንደገና ቁጠሩ። ወረፋው በዛ ብላችሁ በግምት አትጻፉ፤ መድኃኒት የምትሰጡት በዚያ ቁጥር ነው።

ክትባት ክፍልም እንዲሁ ነው። የፍሪጁን ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ በበዓልም ቢሆን፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆኑን አይቶ መመዝገብ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ክትባቱን ከመበላሸት የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። የፔንታን (አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት) አንደኛ ዙር ወስዶ ለሁለተኛው የቀረውን ሕፃን ከመዝገብ ለቅማችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግሯታላችሁ። ቤቱን የምታውቀው እሷ ናት። ዲግሪ አለኝ ብላችሁ አትናቋት፤ የቀበሌውን ነፍሰ ጡሮች በስም ትነግራችኋለች።

የግል ክሊኒክ ደመወዙ ሊሻል ይችላል። ቀኑን ሙሉ መርፌ ከመውጋት ሌላ የማያሠራችሁ ከሆነ ግን ለመጀመሪያ ሥራ አልመክርም። ከሙያ ፈቃዳችሁ በላይ ሥሩ ካሏችሁ ደግሞ እምቢ በሉ፤ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

የትም ግቡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ከማን ጋር እንደምትሠሩ ጠይቁ። ልምድ ያለው ጤና መኮንን ወይም አዋላጅ ነርስ አለ? አዳር ተረኛ ስትሆኑ የሚጠራ ሰው አለ? አምቡላንሱ ከየት ይመጣል? አዲስ ተመራቂን ብቻውን የሚያሳድር ቦታ ለእናንተም ለታማሚውም አደገኛ ነው።

ሥራ ስትጀምሩ ወደ ሆስፒታል ሪፈር የጻፋችሁላቸውን ታማሚዎች በደብተር ያዙ። ከሆስፒታሉ የሚላከው የግብረ መልስ ወረቀት ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ታማሚው ለክትትል ሲመለስ ሆስፒታል ምን እንዳሉት ጠይቁት፤ እናንተ ካላችሁት ጋር አስተያዩት፤ ከተለያየም ጤና መኮንኑ ጋር ይዛችሁት ግቡ።