ጎልፍ ሜዳ ለመግባት ለምታመነቱ ወጣቶች

ባለፈው ሰሞን ጎልፍ እየተማረ ያለ አንድ ወጣት ልምምዱን ጨርሶ ኳስ ሲለቅም ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ለመጫወት ሀብታም መምሰል አለብኝ እንዴ?» አለኝ። «የለም፣ ንጹህ ሆነህ ና፣ ይበቃል» ብዬው አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ያኔ ገና ረዳት አሰልጣኝ ነበርኩ። በምሠራበት ክለብ የተጫዋቾችን ቦርሳ የሚሸከም አንድ ልጅ ነበር፤ ካዲ ማለት ነው። ማንም ጎልፍ አላስተማረውም። እየተሸከመ፣ እያየ ተማረ። የሆነ ሰው የጣለውን አሮጌ ሰባት ቁጥር አይረን፣ ማለትም የብረት ጭንቅላት ያለው የጎልፍ ዱላ፣ አንስቶ ሁሉንም በእሷ ይመታ ነበር፤ ሩቁንም፣ ቅርቡንም፣ ከአሸዋ ማውጣቱንም። ዞር ብላችሁ ሳታዩ፣ ኳሷ ስትነሳ ከምታሰማው ጥርት ያለ ድምፅ ብቻ እሱ እንደመታ ታውቃላችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ምቱ አልነበረም። ኳስ ከላይ ስትወርድ ግሪኑን፣ ጉድጓዱ ያለበትን አጥሮ የታጨደ ሳር ማለት ነው፣ ትሰረጉደዋለች። ልጁ ማንም ሳያዘው ጎንበስ ይልና በቀጭን እንጨት የስርጉዱን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ መሀል ይገፋል። ከዚያ በጫማው ሶል ለጠቅ ያደርገዋል። ከታች ወደ ላይ አይፈነቅልም፤ ሲፈነቀል የሳሩ ሥር ይበጠስና ቦታው ይደርቃል። ይህን ዛሬም ስንትና ስንት ዓመት የተጫወቱ ሰዎች ሲያበላሹት አያለሁ። የሌላ ሰው ኳስ ወደ ጉድጓዱ የምትሄድበትን መስመርም አይረግጥም። ዞሮ ይሄዳል። ሰው ሊመታ ሲቆም ጥላው እንዳይወድቅበት እንኳ ቦታ ይቀይር ነበር።

አንድ ጊዜ ክለቡ ለካዲዎችም ክፍት የሆነ ውድድር አዘጋጀ። ልጁ ተመዘገበ። በዕለቱ ጠዋት ነጭ ቲሸርት ለብሶ መጣ። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፤ የካውያው መስመር እጅጌው ላይ ይታያል። ኮሌታ ግን የለውም። መነሻው ላይ ስም የሚጠሩት ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አዩትና፣ «ደንቡን ታውቃለህ፤ ኮሌታ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከኋላ አንድ አባል ሳቀ። ያ አባል በዚያው ሳምንት ምት ሲበላሽበት ዱላውን ወርውሮ፣ ካዲው ላይ ጮሆ፣ አሸዋውን እንደ ረገጠው ጥሎት የሄደ ሰው ነው። ዱካውን ያስተካከለለት ይኸው ልጅ ነበር። የአባሉ ኮሌታ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አለቃዬን ለመንኩ። «ደንብ ደንብ ነው» ተባልኩ። ሮጬ የራሴን ትርፍ ሸሚዝ ይዤ ስመለስ ልጁ በሩ ጋ ደርሷል። ዘረጋሁለት። አየውና ቀስ ብሎ፣ «ይሰፋኛል» አለ። አይሰፋውም ነበር፤ በቁመትም በትከሻም እኩል ነን። ከዚያ ወዲህ ቦርሳ ሊሸከምም አልመጣም።

ቁጭቴ ሻምፒዮን ይሆን ነበር የሚል አይደለም። ምናልባት አይሆንም ነበር። የሚያንገበግበኝ፣ ከሜዳው ሁሉ ጨዋው ተጫዋች በጨዋነት ስም መባረሩ ነው።

ልብስ ብዙ ጊዜ ሰበብ እንደሆነ ከጎልፍ ታሪክ ታያላችሁ። አሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች ዋልተር ሄገን እ.ኤ.አ. በ1920 ለብሪታንያው ኦፕን ውድድር እንግሊዝ፣ ዲል ሲሄድ የአሜሪካውን ትልቅ ውድድር፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነበር። አለባበሱም በዘመኑ የተወራለት ነው። ግን በጎልፍ የሚተዳደር ፕሮፌሽናል ስለሆነ ክለብ ቤቱ ውስጥ ልብስ መቀየር አልተፈቀደለትም። መኪናው ውስጥ ቀየረ። በዚያው ዓመት አሜሪካ፣ ቶሌዶ የሚገኘው ኢንቨርነስ ክለብ በዩኤስ ኦፕን ጊዜ ለፕሮፌሽናሎች በሩን ከፈተ፤ ተጫዋቾቹም በምስጋና ትልቅ የቁም ሰዓት ሰጡት። የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር (ፒጂኤ) ነጮች ብቻ አባል ይሁኑ የሚለውን አንቀጽ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ስኮትላንድ፣ ሴንት አንድሩስ ያለው ታዋቂው ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014። ፕሮፌሽናል፣ ጥቁር፣ ሴት፤ የእነዚህ ሁሉ ችግር ኮሌታ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1744 ስኮትላንድ፣ ሊዝ ላይ የተጻፉት የመጀመሪያዎቹ 13 የጎልፍ ሕጎች ስለ ልብስ ቃል አይተነፍሱም። የዛሬው ሕግ 1.2 ከተጫዋች የሚጠብቀው ሐቀኝነትን፣ ለሌላው ማሰብንና ሜዳውን መንከባከብን ነው። እኔ ሥነ ምግባር የምለው ይህንን ነው። በዚህ አልደራደርም።

እዚህ ላይ እናንተንም ልውቀሳችሁ። ግሪን ላይ ስልክ አቁማችሁ ለቲክቶክ ደጋግማችሁ ስትቀርጹ ከኋላ ያሉት ፀሐይ ላይ ይጠብቃሉ። የጠፋች ኳስ መፈለጊያው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ5 ደቂቃ ወደ 3 ዝቅ ብሏል፤ እናንተ ግን ለአንድ ቪዲዮ ከዚያ በላይ ትወስዳላችሁ። ስፒከር ይዛችሁ መምጣታችሁንም አልወደድኩላችሁም። የእኛ ዘመን ልጆች ቢያንስ ዝም ማለት ያውቁ ነበር።

ልብስን በተመለከተ፣ ይህን ሁሉ ተናግሬም እኔ ራሴ ያልተተኮሰ ሱሪ ለብሼ ሜዳ ወጥቼ አላውቅም። ለጨዋታው ያለኝ አክብሮት ነው፤ እናንተም እንዲኖራችሁ እመኛለሁ። የአሜሪካ ፕሮፌሽናሎችን ውድድሮች የሚመራው ፒጂኤ ቱር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁምጣ የፈቀደው ለልምምድ እንጂ ለውድድር አይደለም። አንድ ኮሌታ ያለው ቲሸርትና አንድ ደህና ሱሪ ካላችሁ ይበቃል። ብራንዱን ተዉት። ጓደኞቻችሁ ፋራ እንዳይሏችሁ ብላችሁ ውድ ጓንትና ኮፍያ አትግዙ፤ ገንዘቡን ለትምህርቱ አውሉት። ወደማታውቁት ክለብ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ ጫማና ስለ ጂንስ ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

አንዳንዶቻችሁ አንድ ቀን አባል ትሆናላችሁ፤ ደንብ የሚያወጣው ኮሚቴ ውስጥም ትገባላችሁ። ያኔ በተለያየ ቁጥር ጥቂት ኮሌታ ያላቸው ቲሸርቶች መግቢያው ላይ ይቀመጡ በሉ። ሰውየውን ሌላው ሳይሰማ ወደ ጎን ጠራ አድርጎ የሚሰጥ ሰውም መድቡ። እኔ ይህን በየስብሰባው አነሳለሁ። የተቀበሉኝ ክለቦች አሉ፤ ገና የሚከራከሩኝም አሉ።